ምዕራፍ ሦስት፦ ሁለት ዐይን ያለው ፊት

ሠዓሊ ዓለሙን ሁሉ ትቶ መስታወት ፊት የሚቀመጠው ለምንድን ነው? ተራራው፣ ሐይቁ፣ ገበያው ሞልቶ ሳለ፣ የራሱን አፍንጫ ሲለካ የሚውለው ምን አግኝቶበት ነው? ብዙ ሰው መልሱ የሚያሻማ አይመስለውም፤ ራሱን ቢወድ ነው ይላል። በአገራችን ደግሞ ፍርዱ ይጠነክራል። ራስህን አታሞግስ፣ ሌላው ያሞግስህ እየተባለ ያደገ ልጅ የራሱን ፊት ሸራ ላይ ሠርቶ ግድግዳ ላይ ሲሰቅል ያፍራል። ያየው ሰውም «ምነው፣ ሌላ የሚሣል ጠፋ?» ማለቱ አይቀርም።

በዚህ ምዕራፍ የምሟገተው ለተቃራኒው ነው። ታላላቆቹ የራስ ምስሎች ከራስ ፍቅር የተወለዱ አይደሉም። ሠዓሊው ማንንም ማስደሰት ሳይጠበቅበት ያየውን ብቻ መመስከር የሚማረው እዚያ ነው። ይህን ለማሳየት ከሐዋሳ ተነስቼ ጣና ሐይቅ፣ አንኮበርና ፍሎረንስ እደርሳለሁ።

ደንበኛ የሌለው ፊት

በሐዋሳ መሃል ከተማ እንደ ሌሎቹ ከተሞቻችን ሁሉ በፊት ሥዕል የሚተዳደሩ ወጣቶች አሉ። ደንበኛው ይመጣል፤ ስልኩን ያወጣል፤ ፎቶ ያሳያል። የሞተ አባት ይሆናል፤ የምርቃት ጋዋን የለበሰች እህት ትሆናለች፤ ወይም ሙሽሮች። ሠዓሊው በእርሳስ፣ በከሰል ወይም በቀለም ይሠራል። ሥራው ሲያልቅ የሚቀርብለት ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ መስሏል ወይስ አልመሰለም? ከዚያ ማስተካከያው ይከተላል። ትንሽ ቀላ አድርግልኝ። ግንባሩ ላይ ያለችውን ጠባሳ አጥፋልኝ። ጉንጯን ሞላ አድርግልኝ።

ይህ የተከበረ ሥራ ነው። ቤተሰብ ይመግባል፤ የሐዘንተኛን ልብ ያጽናናል። ነገር ግን ሠዓሊውን ቀስ በቀስ የሚያስለምደው ነገር አለ። ጠባሳ ማጥፋት ይለምዳል፤ ቆዳ ማለስለስ ይለምዳል፤ ፎቶው ያላሳየውን በግምት መሙላት ይለምዳል። ሲቆይ የሚያየው ፊቱን መሆኑ ይቀርና የደንበኛውን ፍላጎት ብቻ ይሆናል። «የራስዋ አሮባት የሰው ታማስላለች» የሚባለው እዚህ ላይ ይሠራል፤ የሰው ፊት ሲያሳምር ውሎ የራሱ ዐይን ይደነዝዛል።

ደንበኛ የሌለው ፊት አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የሠዓሊው የራሱ። ጠባሳውን አጥፋ የሚለው የለም። ቀብድ የከፈለ የለም፤ ቅር የሚለውም የለም። ለዚህ ነው ከአልብሬኽት ዱረር እስከ ፍሪዳ ካሎ ያሉ ሠዓሊዎች ወደዚያ ፊት ደጋግመው የተመለሱት።

የመጀመሪያው ምክንያት ግን ከዚህም የቀለለ ነው፤ ሞዴል ገንዘብ ይጠይቃል። ኔዘርላንዳዊው ቪንሰንት ቫን ጎ ከ35 የማያንሱ የራሱን ምስሎች ሠርቷል፤ አብዛኛዎቹን እ.ኤ.አ. ከ1886 እስከ 1888 ፓሪስ በኖረባቸው ሁለት ዓመታት። ለወንድሙ ለቴዎ በጻፈው ደብዳቤ፣ ሞዴል ስላጣ ከራሱ ፊት ለመሥራት ብሎ ደህና መስታወት እንደገዛ ነግሮታል። በራሱ ፊት ላይ የሞከረው የቀለም ጥምረትን ነበር፤ ብርቱካናማውን ጢም ከሰማያዊ መደብ ጋር አጋጥሞ አንዱ ቀለም ሌላውን ሲያደምቀው ማየት። ሠዓሊው ሬምብራንትም በወጣትነቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1630 ገደማ፣ አፉን ከፍቶ፣ ግንባሩን ቋጥሮ፣ ስቆና ደንግጦ ትንንሽ የመዳብ ኅትመቶች ሠርቷል። በኋላ ለሚሥላቸው የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮች የድንጋጤና የሐዘን ፊት ያስፈልገው ነበር፤ የተማረውም በራሱ ፊት ነው።

ይህ ምክንያት ለሐዋሳ ልጅ በተለይ ይገባዋል። ጎንደር ወይም ጣና ዙሪያ ያደገ ልጅ ለዘመናት በተሣሉ የቤተ ክርስቲያን ግድግዳዎች መካከል ያድጋል። ሐዋሳ ግን በእኛ አቆጣጠር በ1950ዎቹ መጀመሪያ የተቆረቆረች ወጣት ከተማ ናት። የብዙ መቶ ዓመት ሥዕል አጠገቧ የላትም። መስታወት ግን በየቤቱና በየፀጉር ቤቱ አለ፤ ከሐይቁ የሚነሳው ብርሃንም በነጻ ነው። እዚያ ለሚያድግ ሠዓሊ የራሱ ፊት የመጀመሪያው መምህሩ ሊሆን ይችላል።

መስታወቱ የሚያስተምረው

የመስታወትን ትምህርት ለመረዳት አንድ ሙከራ ሥሩ። መስታወት ፊት ቁሙና አንድ ዐይናችሁን ጨፍኑ። በሳሙና ቁራጭ ከግንባር እስከ አገጭ የፊታችሁን ዙሪያ እዚያው መስታወቱ ላይ አስምሩ። አሁን ፈቀቅ በሉና ያሰመራችሁትን በማስመሪያ ለኩት። የፊታችሁ ግማሽ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ራቅ ብላችሁ ብትሞክሩም፣ ተጠግታችሁ ብትሞክሩም ያው ግማሽ ነው። ምስሉ ከመስታወቱ ጀርባ የሚታየው እናንተ ከፊቱ በቆማችሁበት ርቀት ልክ ስለሆነ፣ መስታወቱ ሁልጊዜ በእናንተና በምስላችሁ እኩሌታ ላይ ይውላል።

በየቀኑ የምናየው ፊት ግማሽ መሆኑን ልብ ያለው ስንቱ ነው? አእምሯችን የሚያውቀውን መጠን ይነግረናል፤ ዐይናችን ያየውን ግን ይደብቅብናል። ሠዓሊ የሚሆነው ይህን ድብብቆሽ መግለጥ የቻለ ነው። የሌላ ሰው ፊት ሲሠራ ስህተቱን በሞዴሉ መነቃነቅ ሊያሳብብ ይችላል። በራሱ ፊት ላይ ማሳበቢያ የለውም።

ሁለተኛው ትምህርት ግራና ቀኝ ነው። ቫን ጎ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1888 የቆረጠው የግራ ጆሮውን ነበር። በቀጣዩ ወር በሣላቸው ምስሎች ላይ ግን ፋሻው በቀኝ ጆሮው ላይ ያለ ይመስላል። መስታወቱ ያሳየውን እንዳለ ስለሠራ ነው። ሁላችንም የምናውቀው ፊታችን ይህ የተገለበጠው ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 በአሜሪካ የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ሰዎች የራሳቸውን ፎቶ ሲያዩ እንደ መስታወት የተገለበጠውን ያስበልጣሉ፤ ወዳጆቻቸው ደግሞ ያልተገለበጠውን። ሁሉም የሚወደው የለመደውን ነው። «ፎቶ አይወጣልኝም» የሚል ሰው ሁሉ በከፊል የሚናገረው ይህንን ነው፤ ፎቶው ሌሎች የሚያውቁትን፣ እሱ ግን የማያውቀውን ፊት ያሳየዋል።

ሦስተኛው ትምህርት ትዕግሥት ነው። ፈገግታን ለሁለት ሰዓት መያዝ አይቻልም። መስታወቱን የሚያየው ሠዓሊ ደግሞ ትኩር ብሎ ነው የሚያየው፤ ቅንድቡ ይሰበሰባል፤ ከንፈሩ ይገጥማል። ብዙ የራስ ምስሎች የተቆጡ የሚመስሉት ለዚህ ነው። ቁጣ አይደለም፤ ሥራ ላይ ያለ ሰው ፊት ነው።

መስታወቱ ራሱም ታሪክ አለው። በአውሮፓ የራስ ምስል የበዛው በ15ኛውና በ16ኛው መቶ ዘመን፣ የተሻለ የመስታወት ሥራ በተስፋፋበት ጊዜ ነው። ዱረር ገና የ13 ዓመት ልጅ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1484፣ ፊቱን ጫፉ ብር በሆነ መንደፊያ ወረቀት ላይ ነደፈ። ኋላም በመስታወት አይቶ በልጅነቱ እንደሠራው ራሱ እዚያው ወረቀት ላይ ጻፈበት። ፓርሚጃኒኖ የተባለው ጣሊያናዊ ወጣት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1524 ገደማ የጎበጠ መስታወት ያሳየውን እንዳለ ሣለው፤ ከፊት የዘረጋው እጁ ከጭንቅላቱ በልጦ ገዝፎ ይታያል። መስታወቱ ያጣመመውን አላቃናም፤ ምስክርነቱ ለዐይኑ ነበር።

የጻድቅ ፊትና የይሁዳ ፊት

በእኛ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል አንድ የታወቀ ደንብ አለ። ጻድቃንና ቅዱሳን ፊት ለፊት፣ በሁለት ዐይን ይሣላሉ። ይሁዳ፣ አጋንንትና ቅዱሳንን የሚያሳድዱ ግን በጎን ይሣላሉ፤ የሚታየውም አንድ ዐይናቸው ብቻ ነው። ምእመኑ ሥዕሉን ሲያይ ማን ከየትኛው ወገን እንደሆነ ለመለየት ጽሑፍ አያስፈልገውም።

ይህን ደንብ ይዛችሁ ወደ መስታወቱ ተመለሱ። በአንድ መስታወት ራሱን የሚያይ ሰው ፊቱን በጎን ሊያይ አይችልም። ለማየት የሚያይ ዐይን ያስፈልገዋል፤ ዐይኑ ደግሞ ወደ መስታወቱ መዞር አለበት። በጎን ለመታየት ሁለት መስታወት ማጋጠም ግድ ይላል። ጣሊያናዊቷ አርቴሚዥያ ጄንቲሌስኪ እ.ኤ.አ. በ1630ዎቹ መጨረሻ ራሷን ሥራ ላይ እንዳለች ስትሥል፣ ክንዷን ወደ ሸራው ዘርግታ፣ ፊቷን ወደ ጎን ዞር አድርጋ ነው፤ ያ አቅጣጫ በአንድ መስታወት የሚገኝ አይደለም። አብዛኛውን ሠዓሊ ግን መስታወቱ ወደ ፊት ለፊት ያስገድደዋል፤ በሁለት ዐይኑ እኛን ያየናል። ዱረር እ.ኤ.አ. በ1500 በ28 ዓመቱ የሣለው፣ ዛሬ ሙኒክ የሚገኘው ምስል ይህን እስከ መጨረሻው ገፍቶታል። ፊቱ ቀጥ ብሎ፣ ፀጉሩ በሁለቱም ትከሻ ወርዶ ይታያል። በዘመኑ አውሮፓ እንዲያ ያለ ፊት ለፊት አቀራረብ ለክርስቶስ ምስል የሚሰጥ ነበር።

የእኛ ደንብ ለራስ ምስል የሚሰጠው ፍቺ ከዚህ ይነሳል። መስታወቱ ሠዓሊውን በባለ ሁለት ዐይኖቹ ወገን ያስቀምጠዋል። ያ ቦታ ግን ክብር ብቻ አይደለም፤ ዕዳም አለበት። በሁለት ዐይን የተሣለ ሰው የሚደብቀው የለውም ተብሎ ይታመናል። እንግዲህ ጠባሳውን ካጠፋ፣ ሽበቱን ካጠቆረ፣ ድካሙን ከሸፈነ፣ የተቀመጠበት ቦታ አይገባውም።

ስምን አኑሮ ፊትን መሸሸግ

ታዲያ የቀደሙት የኢትዮጵያ ሠዓሊዎች ፊታቸውን ለምን አልተዉልንም? ባለሀብቱና ንጉሡ ትተውልናል። በጣና ሐይቅ ደቅ ደሴት በሚገኘው ናርጋ ሥላሴ፣ ቤተ ክርስቲያኑን ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ ከእመቤታችንና ከልጇ እግር ሥር ተደፍተው ይታያሉ። ሥዕሉን የሠራው እጅ ግን እዚያ የለም። አሠሪው በሥዕሉ ውስጥ ቦታ አለው፤ ሠሪው የለውም።

ሠሪው ጨርሶ ዝም አላለም። በ15ኛው መቶ ዘመን፣ በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን የነበረው ፍሬ ጽዮን፣ ዛሬ በጣናው ዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም በሚገኘው የእመቤታችን ሥዕል ላይ ስሙን ጽፏል። በእጅ የተጻፉ የብራና መጻሕፍትም መጨረሻቸው ላይ የጻፈውንና ያጻፈውን በጸሎት አስቡ የሚል ማሳሰቢያ ይይዛሉ። ወንጌላውያኑን የሣሉት ሰዎች ደግሞ በየእጃቸው ብዕር፣ በየአጠገባቸው የቀለም ቀንድ ያስቀምጡ ነበር፤ እነዚህ የጸሐፊውና የሠዓሊው የየዕለት መሣሪያዎች ናቸው። ቅዱስ ሉቃስ የእመቤታችንን ሥዕል ሠራ የሚለው ትውፊትም በእኛ ዘንድ የታወቀ ነው። የእኛ ሠዓሊ ሥራውን በቅዱሱ እጅ ላይ አየ፤ ስሙን በጸሎት ልመና ውስጥ አኖረ፤ ፊቱን ግን ሸሸገ።

ይህን ትሕትና አከብራለሁ። ዋጋ እንዳስከፈለን ግን መናገር አለብኝ። ፍሬ ጽዮን እንዴት ያለ ሰው እንደነበር፣ ሲሠራ ዐይኑ እንዴት ይተኩር እንደነበር የምናውቅበት መንገድ የለንም። የእጁ ሥራ አለን፤ ያየው ዐይን የለንም።

ከአንኮበር እስከ ፍሎረንስ

ይህ መሸሸግ በግልጽ ሲያበቃ የምናየው በሠዓሊው አፈወርቅ ተክሌ ነው። ጥቅምት 1925 ዓ.ም. አንኮበር ተወለደ። ልጅነቱን ያሳለፈው በጣሊያን ወረራ ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 የማዕድን ምሕንድስና እንዲማር ወደ እንግሊዝ ተላከ፤ እዚያ ግን ልቡ ወደ ሥዕል አዘነበለ። መጀመሪያ በለንደን ሴንትራል የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም በስሌድ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተማረ። ተመልሶ እ.ኤ.አ. በ1954 አዲስ አበባ ላይ የመጀመሪያውን ዐውደ ርእይ አሳየ። በአፍሪካ አዳራሽ 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍነውን ባለ ቀለም የመስታወት ሥራ የሠራውም እሱ ነው።

በፍሎረንስ ከተማ ኡፊዚ የተባለው ሙዚየም ሌላ ቦታ የማይገኝ ስብስብ አለው፤ ከአንድ ሺህ በላይ የሠዓሊዎች የራስ ምስሎች። ስብስቡን በ17ኛው መቶ ዘመን የጀመሩት ካርዲናል ሊዮፖልዶ ደ ሜዲቺ ናቸው። ራፋኤልና ሬምብራንት እዚያ አሉ። እ.ኤ.አ. በ1981 የአፈወርቅ ተክሌ የራሱ ምስል ወደዚያ ቋሚ ስብስብ ገባ። ወደ ኡፊዚ ቋሚ ስብስብ ከገቡ የአፍሪካ ሠዓሊዎች ሥራዎች የመጀመሪያው ነው።

ይህን ነገር ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። አፍሪካ በአውሮፓ ሙዚየሞች ውስጥ ለረጅም ጊዜ የምትታየው ሠሪያቸው ባልተጠቀሰ ቅርሶች ነበር፤ ጭምብል፣ መስቀል፣ ብራና። ዕቃው ተሰቅሎ ሠሪው ይረሳል። አፈወርቅ የሰጠው ግን ዕቃ ብቻ አልነበረም፤ ሠሪውን ራሱን፣ ከነፊቱና ከነስሙ ነው። ልጅነቱን የጣሊያን ጦር ባስጨነቃት አገር ያሳለፈ ሰው፣ በጣሊያን ምድር ከታላላቆቹ መካከል በእኩልነት ተቀመጠ። ይህን ራስ ወዳድነት ብሎ ማለፍ አይቻልም። ፍሬ ጽዮን በስሙ የጀመረውን አፈወርቅ በፊቱ ጨረሰው፦ ይህን የሠራው ሰው አለ፤ እነሆ።

አፈወርቅ የጀመረው መንገድ ብቻውን የሚጓዝበት አልነበረም። ሠዓሊው አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ያቋቋሙትና ዛሬ ስማቸውን የያዘው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የሠዓሊን ሙያ በዘመናዊ ትምህርት ለትውልድ አስረከበ። ሠዓሊ ስም፣ ፊትና ሐሳብ ያለው ሰው ሆኖ በአደባባይ የሚታወቅበት ዘመን መጣ።

ሕመምና ዕድሜ

የራስ ምስል እውነተኛ ፈተናው ግን ክብር አይደለም፤ ሕመምና ዕድሜ ነው። ሜክሲኳዊቷ ፍሪዳ ካሎ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1925፣ በ18 ዓመቷ፣ የተሳፈረችበት አውቶቡስ ከትራም ጋር ተጋጭቶ አከርካሪዋና እግሯ ተሰባበረ። ተኝታ መሥራት እንድትችል እናቷ ለአልጋ የሚሆን የሸራ ማቆሚያ አሠሩላት፤ ከበላይዋም መስታወት ተሰቀለላት። ቀና ስትል የሚያጋጥማት የራሷ ፊት ነበር። ከ140 የሚበልጡ ሥዕሎችን ሠርታ 55 ያህሉ የራሷ ምስሎች ናቸው። ብዙ ጊዜ ብቻዋን ስለምትሆንና ከማንም ይልቅ የምታውቀው ራሷን ስለሆነ እንደምትሥል ትናገር ነበር። ፊቷ አይለምንም፤ እንድናዝንላት አይጠይቅም። የተጋጠሙ ቅንድቦቿንና ከላይኛው ከንፈሯ ያለውን ጠጉር ሳታስተካክል አስቀመጠች፤ የተሰበረውንም ሰውነቷን እንዳለ አሳየች።

ሬምብራንት ደግሞ ዕድሜውን መሰከረ። በሕይወት ዘመኑ 40 ገደማ የራሱን ምስሎች በቀለም ሠርቷል፤ የኅትመት ሥራዎቹ ለብቻ ናቸው። ወጣት ሳለ ራሱን በሐርና በወርቅ ሰንሰለት ሣለ። እ.ኤ.አ. በ1656 ከሰረ፤ ቤቱና የሰበሰበው ንብረት ተሸጠ። ከዚያ በኋላ ባሉት ምስሎች ላይ ልብሱ ይቀልላል፤ ቀለሙ ይወፍራል። በሞተበት እ.ኤ.አ. በ1669፣ በ63 ዓመቱ የሠራቸው ፊቶች ያበጠ የዐይን ሥር፣ የወረደ ጉንጭ፣ የገረጣ ግንባር ያሳያሉ። ወጣቱ ባለ ሰንሰለቱና ሽማግሌው ጎን ለጎን ሲቀመጡ ከስኬት ይልቅ ውድቀት ለሰውየው እንዴት ጥልቀት እንደሰጠው ይታያል። ይህን የትኛውም ደንበኛ ከፍሎ አያሠራውም።

ለመሃል ከተማ ሠዓሊ

ስለዚህ በሐዋሳ መሃል ከተማ በፊት ሥዕል ለሚተዳደር ወጣት የምለው ይህ ነው። በዓመት አንድ ጊዜ፣ ከተቻለ ልደትህ ወይም አዲስ ዓመት አካባቢ፣ ከስልክ ፎቶ ሳይሆን ከመስታወት ፊትህን ሥራ። ስልክ ፊትን በአንድ ቅጽበት ይይዛል፤ አንዳንዱም ቆዳውን ሳትጠይቀው ያለሰልሰዋል። መስታወቱ ግን ለሰዓታት ያስቀምጥሃል፤ ብርሃኑ ከግንባርህ ወደ ጉንጭህ ሲዞር ታያለህ። መስኮት በአንድ ጎንህ ይሁን። መጀመሪያ የጭንቅላትህን ቅርጽ፣ ቀጥሎ የጥላውን ቦታ፣ ዐይኖችህን በመጨረሻ ሥራ። ጠባሳ ካለህ አስቀምጠው። ጀርባው ላይ ቀኑን፣ ቦታውንና ስምህን ጻፍ፤ አትሽጠው።

አንቺም ሠዓሊ የሆንሽ እህቴ፣ ይህ አንቺን ይበልጥ ይመለከትሻል። ሴት ሠዓሊዎች በአውሮፓ እርቃን ገላ የሚጠናበት ክፍል እንዳይገቡ በተከለከሉበት ዘመን፣ ብዙዎቹ የተማሩት በራሳቸው ፊት ላይ ነው። አርቴሚዥያ ራሷን ሥዕል የተባለችው ጥበብ አድርጋ የሣለችው፣ ሴት በሥዕል ውስጥ በአብዛኛው የምትታየው በወንድ እጅ ተሠርታ በነበረበት ጊዜ ነው።

የሠዓሊ ቤተሰብም ድርሻ አለው። ሠዓሊ ሲሞት ልጆቹ የሚሸጥ የሚሸጠውን ይለያሉ፤ የራሱን ምስል ገዢ አያገኝም ብለው ጥግ ይጥሉታል። የመጀመሪያ ጥበቃ የሚገባው ግን እሱ ነው። ሌሎቹ ሥራዎች ምን እንዳየ ይነግሩናል፤ ያኛው እንዴት ያይ እንደነበር ይነግረናል።

ሠዓሊ መስታወት ፊት የሚቀመጠው ራሱ ላይ ሊቀር አይደለም። የራሱን ጠባሳ ሳያጠፋ ማየት የቻለ ሰው፣ ነገ የሟች አባቱን ፎቶ ይዞ የሚመጣውን ደንበኛ በተለየ ዐይን ይቀበለዋል። ያን አባት በሕይወት ያሉ የሚያውቁት በዚያ ጠባሳ ጭምር እንደሆነ ይገባዋል፤ «ይህችን አናጥፋት፣ የእሳቸው ምልክት እኮ ይህቺው ናት» ለማለት ድፍረት ያገኛል። የራስ ምስል ጥቅሙ በመጨረሻ የሚደርሰው ለሌላው ሰው ነው፤ ለራሱ ፊት ያልዋሸ ሠዓሊ የሰውን ፊት በአደራ ለመቀበል ይበቃል።